መነሻ ዋጋ የማይቀበሉት አባቴ

እሺ አሉ! እንኳን ደስ አለን፤ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሊሆኑ እሺ አሉ!

"ማን?" ትሉኝ ይሆናል። ታውቋቸዋላችሁ። መርካቶ ነግዶ ያረጀ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ አንድ አይጠፋም፤ ገና ሲወለድ አዋላጇን "እጅሽን ታጥበሻል?" ብሎ የጠየቀ። የእኛ ቤቱ ሊቀ ጠርጣሪያን ክቡር አባቴ አቶ ደመቀ ናቸው። የመርካቶውን የጨርቅ ሱቅ ለወንድሜ ለማስረሻ አስረክበዋል፤ ጥርጣሬውን ግን ይዘውት ወጥተዋል።

"ንጹሕ ጥጥ ነው" ካሏቸው ክር መዝዘው በክብሪት ይለኩሳሉ። እኔ የገዛሁላቸውን ጋቢ እንኳ ጫፉን አቃጥለው፣ አሽትተው ነው የለበሱት። "አንቺን አይደለም ልጄ፤ ሻጩን ነው።"

ስልክማ ጭራሽ! "ሰው በድምፁ ይዋሻል፤ በእጁ ሲጽፍ ግን ይጨንቀዋል" ይላሉ። ስለዚህ እኔ ወዳለሁበት ጅማ፣ ከአውቶቡስ ተራ በሾፌር እጅ ደብዳቤ ይልካሉ። በፕላስተር ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ያለ ቢላዋ አይከፈትም።

"በጣም ደህና ነኝ" ብዬ ጻፍኩላቸው። መልሱ መጣ፦ "ይሄ መነሻ ዋጋ ነው። መጨረሻውን ንገሪኝ።"

ተናደድኩ። ከዚያ መጨረሻውን ጻፍኩት፦ ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር እንዳለብኝ፣ እራት ለብቻዬ አልዋጥ እንዳለኝ። ከሥሩም፣ "እርስዎስ አባዬ? መጨረሻውን ይንገሩኝ።"

እሳቸውም መጨረሻውን ጻፉልኝ፦ "ግራ ዓይኔ አያይም። ጨርቅ የምለየው በጣቴ ነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እኔም ለብቻዬ ነው የምበላው።"

አስፈቅጃቸው ለማስረሻ ነገርኩት፤ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሞራ ነው፤ ካልተገፈፈ ቀኙም ይከተላል ተባለ። ማስረሻ "ኦፕራሲዮኑ ምንም የለውም አባዬ!" አለ። ሐኪሙም "ምንም የለውም።" ነርሷም "ምንም የለውም።" ክቡርነታቸው ኮፍያቸውን አጠለቁና ወጡ። "ሦስት ሰው አንድ ቃል ከተናገረ ተመካክሯል።"

እኔ ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦ "ሐኪሙን ደውዬ አፋጠጥኩት። አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ያልተሳካለትም አለ። እኔም እፈራለሁ አባዬ። የምጽፍልዎትን ማንበብ ያቆሙ ቀን ግን ይበልጥ ያስፈራኛል።"

ዛሬ መልሱ ደረሰኝ፦ "የዕቃውን እንከን ቀድመሽ ያሳየሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ገዝቻለሁ። ኦፕራሲዮን ስሆን ግን አጠገቤ ቁሚ፤ ሐኪሙን እጅ እጁን እይልኝ።"

እኝህ ሰው በዕድሜያቸው ሳይከራከሩ የገዙት የእኔን ቃል ብቻ ነው! በሉ ደህና ሁኑ፤ ጎረቤቴ ሐጀራ ሱቋን ሳትዘጋ ልሩጥ፣ እሷ ገና አልሰማችም።