ሐማም ውስጥ የሚሠራ ሥዕል

ብዙ ሴቶች አንድ ክፍል ተጋርተው በሚኖሩበት ቤት ሁሉ፣ ብቻዋን ካልሆነች መተንፈስ የማትችል አንዲት አትጠፋም። ሌሎቹ ፍራሽ ለፍራሽ ተጠጋግተው ሲያወሩ እሷ ግድግዳ ታያለች። ሲጠሯት አትሰማም፤ ከሰማችም ትቆጣለች። ቤይሩት፣ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ ሰፈር ውስጥ፣ ከዶሮ ሻጩ በላይ ባለው ክፍል ለእነመቅደላዊት የደረሰቻቸው ክብርት ወይዘሪት ቀፀላ ናት። ሥራዋ የሰው ደረጃ ማጠብ፣ ማዕረጓ ግን ሠዓሊ።

ሠዓሊ ደግሞ ብቻዋን መሆን አለባት። ችግሩ በዚያ ቤት ከውስጥ የሚዘጋው ሐማሙ፣ መታጠቢያም ሽንት ቤትም የሆነው ክፍል፣ ብቻ ነው። ክብርት ሠዓሊዋ የአርጊሌ፣ የሺሻ ማለት ነው፣ ከሰልና የተዘረጋ የሙዝ ካርቶን ይዛ ትገባለች፤ መቀርቀሪያው ቋ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የሌላው ሰው ችግር ሁሉ በእግዜር እጅ ነው።

«ቀፀላ፣ ሆዴን!»

«አንድ ደቂቃ።»

«ረፈደብኝ እኮ! ማዳሜ ትገድለኛለች!»

«አንድ ደቂቃ አልኩ! ያኒ፣ ሰው እየጮኸበት ይሣላል እንዴ?»

በእሷ አንድ ደቂቃ ሩዝ ይበስላል። ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ሲፈን አንድ ቀን ፀጉሯን ሳሙና ቀብታ ውኃ ልታመጣ ወጥታ ብትመለስ በሩ ተዘግቶ ጠበቃት፤ ኩሽና ገብታ በድስት ተለቀለቀች። ሥዕሉን ግን ያየ ሰው የለም። «ያላለቀ ሥዕል ዓይን ካረፈበት ይሞታል» ትላለች ክብርትነቷ፣ ካርቶኑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ እያቆመች።

መቅደላዊት በዕድሜ ትበልጣቸዋለች፤ መቆጣት የሚባል ነገር ካለቀባት ቆይቷል። ደግሞም ቀፀላ ባዕብዳ ከተቀጠረችበት ቤት ሸሽታ የመጣች ቀን የሆነውን አትረሳም። እዚያ ያስተኟት ሳሎን ውስጥ፣ ካሜራ ሥር ነበር። እጇ እየተንቀጠቀጠ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አልያዝላት አለ። ለወራት እንዲሁ ኖረች። ሐማሙ ውስጥ ገብታ መቀርቀር ከጀመረች በኋላ ነው እጇ የረጋው። ስለዚህ ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ መቅደላዊት «ተዉዋት» ትላለች።

ሆዷን የሚበላት ሌላ ነው። ከመካከላቸው የመኖሪያ ወረቀት ያላት የለችም። ከሐማሙ ጣሪያ በላይ ተትኺቴ የሚሉት የዕቃ ቆጥ አለ፤ የማያውቁት ሰው በር ሲመታ ሁሉም ተንጠላጥለው እዚያ ይገባሉ። ወደዚያ መወጣጫው ግን በሐማሙ ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ቀን የመንግሥት ሰዎች ይመጡና ሠዓሊዋ ዘግታ ብታስቀረንስ?

ሲፈን ደግሞ ነገሩን አባሰችው። መታጠብ ሲያምራት «አምን መጣ! ፖሊስ!» ብላ መጮህ ለመደች። መጀመሪያ ሰሞን ቀፀላ ከሰሏን ጥላ፣ በድንጋጤ ደርቃ ትወጣ ነበር። በኋላ ነቃችባት።

አንድ እሁድ ከሰዓት የምር መጡ። መኪና ቆመ፤ ደረጃው ላይ የቦት ጫማ ድምፅ ተሰማ፤ ከታች ጀምሮ በር ይደበደብ ጀመር። ሲፈን ወደ ሐማሙ በረረች።

«ቀፀላ፣ ክፈቺ! አምን መጣ!»

«አንድ ደቂቃ።»

«ወላሂ! እናቴ ትሙት!»

«ባለፈው እሁድም ገድለሻት ነበር። ስንት ጊዜ ነው የምትሞተው?»

መቅደላዊት የሲፈንን አፍ በመዳፏ አፈነች። የእነሱ በር ተመታ። ተደገመ። ሌሎቹም ተሹለክልከው መጥተው ሐማሙ በር ላይ ተለጠፉ። ከፊት ለፊት ያለችው አሮጊት ጎረቤት ሲት ፋጢማ በሯን ከፍታ፣ «ማ ፊ ሐዳ! ማንም የለም፣ እሁድ ሁሉም ይወጣሉ!» ስትል ተሰማ። ጫማዎቹ ግን ከበሩ አልራቁም።

መቅደላዊት የሐማሙን በር ተደግፋ ቆማለች። የሲፈን እንባ መዳፏ ላይ ይወርዳል። ከኋላዋ፣ ከበሩ ማዶ፣ ከሰል ካርቶን ላይ ሲሄድ ይሰማታል። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ የማይቆራረጥ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያልፈራችው እሷ ብቻ ነበረች። መቅደላዊት ልትጠላት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አምላኬ፣ ብቻ እሷ አታቋርጥ» ስትል ራሷን ሰማች።

ቆይቶ ጫማዎቹ ወረዱ። መኪናው ተነሣ።

መቀርቀሪያው ተከፈተ፤ ክብርት ቀፀላ እስከ ክርኗ ጠቁራ፣ ፊቷ በርቶ ብቅ አለች።

«ኸላስ፣ አለቀ!» አለች። «ዛሬ ገና ሰው መሆናችሁን አየሁ። መጀመሪያ በር ብትደበድቡም፣ በኋላ ቤቱ ባዶ እስኪመስለኝ ነው ዝም ያላችሁልኝ። መርሲ!»

ካርቶኑን አዞረችው። መቅደላዊት ነበረች፤ ፍራሽ ላይ በጀርባዋ ተዘርራ፣ አፏን ከፍታ የተኛች፤ የሚያስፈራው ነገር የሌለ ሰው የሚተኛው እንቅልፍ። መቅደላዊት ቤይሩት ከገባች እንዲህ ተኝታ አታውቅም።

ሲፈን ልትናገር ስትል መቅደላዊት ክንዷን ቆነጠጠቻት። የቀፀላን እጅ አየች፤ ካርቶኑን የያዘው እጅ እንደ ድንጋይ ረግቷል።

«ምነው? ምን ሆናችሁ ነው በሩ ላይ የተደረደራችሁት?»

«ምን እንሆናለን? ሐማም ፈልገን ነው» አለች መቅደላዊት። «ይልቅ አፌን ዝጊልኝ፣ አሳፈርሽኝ እኮ።»

«አይዘጋም፣ እትዬ መቅዲ። ተኝተሻላ!»

መቅደላዊት ሳቀች። ግድግዳውን ይዛ ነበር የሳቀችው።