በሁለት የነርቭ ሴሎች መካከል ስለታዩ ነጠብጣቦች የተሰጠ ድምፅ

ዕለት፦ ማክሰኞ ረፋድ
ቦታ፦ የአንጎል ምርምር ክፍል ስብሰባ አዳራሽ፣ በሩ የማይገጥመው
የተገኙ፦ ሰብሳቢው ፕሮፌሰር፣ የንብረት ኃላፊው፣ አጥኚዋ፤ እንዲሁም ድምፅ የማይሰጠው ጸሐፊ
ምክትል ሰብሳቢው አልመጡም። ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ስለተገኘ ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 1፦ ነጠብጣቦቹ አሉ ወይስ የሉም

አጥኚዋ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሱትን ምስል አቀረቡ። ሲናፕስ በሚባለው፣ ሁለት የነርቭ ሴሎች መልእክት በሚለዋወጡበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ ነጠብጣብ የሚመስሉ ሞለኪውሎች ከዳር እስከ ዳር እንደ ድልድይ ተያይዘው መታየታቸውን አስረዱ። ሰብሳቢው ክፍተቱ ባዶ መሆኑን በመጽሐፋቸው ጽፈው ስለጨረሱ፣ ክፍተቱ ይህን ማክበር እንደነበረበት ገለጹ። የታየው ቆሻሻ ነው አሉ። የንብረት ኃላፊው ጽዳት በእሳቸው ሥር በመሆኑ ስሜ ይነካል ሲሉ ተቃወሙ፤ "ከውጭ የገባ ቆሻሻ" እንዲባል ስምምነት ሲደረስ ግን ተቃውሟቸውን አነሱ።

አጥኚዋ ወርደን በማሽኑ እንይ ቢሉም፣ የኮሚቴ ሥራ መወያየት እንጂ ማየት አለመሆኑ ተነገራቸው። የንብረት ኃላፊውም ምንም እንዳላዩ፣ አይተው ከሆነ ዓይናቸውን ግንባር ያድርገው ሲሉ ማሉ።

አጥኚዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እናቴ ሦስት ዓመት ሙሉ 'ምን አገኘሽ ልጄ?' ስትለኝ 'ገና ነው እማዬ' ስላት ኖርኩ። ትናንት 'አገኘሁ' አልኳት። ዛሬ ማታ ምን ልበላት?" አሉ። ጥያቄው የቤተሰብ ጉዳይ በመሆኑ ታልፏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ነጠብጣቦቹ እንዳይኖሩ በሁለት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። ኮቱ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጓል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ናሙናው

ምስሉ የተነሳበት ናሙና እንዲወገድ ተወሰነ። የንብረት ኃላፊው እዚያው ሆነው ደውለው አስጣሉት። በኮሚቴው ታሪክ በዕለቱ የተፈጸመ የመጀመሪያው ውሳኔ በመሆኑ ተመስግነዋል።

ልዩ ልዩ

የሰብሳቢው ስልክ ጠራ። የተቋሙ ዋና ዳይሬክተር ነበሩ፤ ከአጥኚዋ የደረሳቸውን ምስል ለእንግዶች አሳይተው እጅግ እንደተደነቀ አበሰሩ። ሰብሳቢው ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ "አዎን ጌታዬ፣ ብዙ ደክመንበታል" አሉ። የንብረት ኃላፊው ነጠብጣቦቹን ከሁሉም ቀድመው ማየታቸው እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሮ፣ ነጠብጣቦቹ እንዲኖሩ፣ በመጽሐፉ ውስጥ "ባዶ" የሚለው "ባዶ የሚመስል" ተብሎ እንዲነበብ፣ ግኝቱ የኮሚቴው እንዲሆን፣ ናሙናውም በክብር እንዲጠበቅ ተወሰነ። አጥኚዋ ናሙናው መጣሉን ሲያስታውሱ፣ መጣሉም አብሮ እንደተሻረ ተገለጸላቸው።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ላይ ተዘግቷል። አጥኚዋ በቃለ ጉባኤው ላይ ያልፈረሙት ወደ ቆሻሻ ገንዳው ስለወረዱ ነው።