በረዶ የመታው ጋም ወደ ማፊን እንዲገባ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23
ቦታ፦ የኖሩጎል መንደር የአረጋውያን ማረፊያ፣ ወለሉ የሚሞቀው ክፍል

የተገኙ፦ ወይዘሮ ቦንግጃ (ሰብሳቢ)፣ ወይዘሮ ዎልሴ (የ93 ዓመት፣ የሁላችን ታላቅ)፣ ወይዘሮ ጆምሱን (የሩዝ ጠላ ጠማቂ)፣ ወይዘሮ ፒልናም (የጋም ፍሬ ዛፎች ባለቤት)፣ ማልሱን (ጸሐፊ)፣ እንዲሁም ግድግዳ ተደግፈው ያንቀላፉ ሁለት አባላት።

ያልተገኙ፦ ሁለት። አንዷን ጉልበቷን አሟታል። ሌላዋ ቦንግጃ ሰብሳቢ እስከሆነች ድረስ አልመጣም ብላለች።

ከማኅበራችን ዘጠኝ አባላት ሰባት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የተኙት ይቆጠራሉ ወይ በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ከተመከረ በኋላ፣ ስለሚያንኮራፉ መኖራቸው የታወቀ ነው ተብሎ ስብሰባው ከጠዋቱ 4፡30 ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የወይዘሮ ፒልናም ጥያቄ

ወይዘሮ ፒልናም እንዳስረዱት፣ ባለፈው ሳምንት የጣለው በረዶ ተልጦና ተሰቅሎ የሚደርቀውን ጣፋጭ የጋም ፍሬያቸውን ሰነጣጥቆታል። የተሰነጠቀ ጋም ተልጦ ቢሰቀል ይሻግታል እንጂ አይደርቅም። ሠላሳ ሁለት ሳጥን በረንዳቸው ላይ እየለሰለሰ ነው። ባላቸው በጸደይ ሞተዋል። ከተማ ያለው ልጃቸው ደግሞ፣ “ዘንድሮ ፍሬው ከተጣለ ዛፎቹን አስቆርጬ ሶላር አስተክላለሁ” ብሏል። ስለዚህ ቅዳሜ በወረዳው በዓል ማኅበራችን ለሚያቀርበው ማፊን ለተባለው ትንሽ ኬክ፣ ወረዳው በሰጠን የአሠራር ወረቀት ላይ በተጻፈው እንጆሪ ፋንታ ጋም እንዲገባ ጠየቁ።

ያለ ክርክር ተፈቀደ። ከዚህ በኋላ ያለ ክርክር የተፈቀደ ነገር የለም።

አጀንዳ 2፦ ወረቀቱን ለእኛ እንዲስማማ ስለማድረግ

ወይዘሮ ጆምሱን፣ “ሩዝ አገር ተቀምጠን የስንዴ ዱቄት? ሙታኖቻችን ምን ይሉናል?” አሉ። ሰብሳቢዋ፣ “ሙታን ማፊን አይበሉም፣ እቴ” ሲሉ መለሱ። ወይዘሮ ጆምሱን የሰብሳቢዋ አማት በሕይወት ሳሉም የሚበሉት አላገኙም ነበር በማለት አስታወሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ የሩዝ ዱቄት እንዲሆን ተወሰነ።

የገበታ ቅቤ እርጥብ ውሻ ይሸታል ተብሎ በሰሊጥ ዘይት ተተካ። በቤኪንግ ፓውደር ፋንታ የወይዘሮ ጆምሱን ጠላ እንዲገባ ወይዘሮ ጆምሱን ሐሳብ አቀረቡ፤ ወይዘሮ ጆምሱን ደገፉ፤ አለፈ።

አጀንዳ 3፦ ኦቨን

በመንደሩ ያለው ኦቨን አንድ ነው፤ እሱም የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ቁልፉ ከፓስተሩ ሚስት ዘንድ ነው። ሰብሳቢዋ ከእሳቸው ጋር በጎመን ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። “እሷን ከምለምን ሊጡን በጥሬው እውጣለሁ” አሉ። በድስት፣ በእንፋሎት እንዲበስል ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ቅምሻ

እዚያው ተሠርቶ ቀረበ። እንደ ደንባችን ታላቅ ሳይቀምስ ማንም እጁን አይዘረጋም፤ ታላቅ ከተናገረ በኋላም ማንም አይናገርም። ወይዘሮ ዎልሴ አላምጠው፣ አላምጠው፣ “ሊጡ ደግ ነው” አሉ። “ይሄ ፍሬ ግን ሰው ሠራሽ ጥርሴ ላይ ይጣበቃል። ይውጣ።”

ጋሙ እንዲወጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የተኙት እንደ ደጋፊ ተቆጠሩ።

ወይዘሮ ፒልናም፣ “እትዬ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለፍሬው ነው!” አሉ።

“አውቃለሁ ልጄ። ጣዕሙማ ማር ነው። ጥርሴ ነው እንጂ።”

ወይዘሮ ጆምሱን፣ “አይዞሽ፣ ጠላዬ ውስጥ አንድ ሁለት ጣል አደርግልሻለሁ” ብለው አጽናኗቸው።

“ሠላሳ ሁለት ሳጥን ነው፣ ጆምሱን!”

“አንድ ሁለት ነው ያልኩሽ።”

አጀንዳ 5፦ የተወሰነውን ስለማንበብ

ጸሐፊዋ የተስተካከለውን አሠራር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ የሩዝ ዱቄት፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ጠላ፣ በእንፋሎት፣ ፍሬ የሌለው። በዚህ ጊዜ ከተኙት አንዷ ነቅተው፣ “ይሄማ የእናቴ የሩዝ ቂጣ ነው” አሉ። መልሰውም ተኙ።

ሰብሳቢዋ ደነገጡ። በበዓሉ ላይ የሩዝ ቂጣ ጠረጴዛ የተሰጠው ለላይኛው መንደር ነው። “ሌቦች ሊሉን ነው!” አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ ከአጀንዳ 2 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ወረቀቱ እንደ መጀመሪያው በስንዴ፣ በቅቤና በኦቨን ይጸናል። ሆኖም ሰብሳቢዋ ስለ ኦቨኑ የተናገሩትን ስላላነሡ፣ ሌላ ሰው ሄዶ ቁልፉን ይጠይቅ መባሉንም ሰብሳቢን መናቅ ነው ስላሉ፣ ለቅዳሜ ስኳር ድንች ይቀቀላል። ማፊኑ ለመጪው መከር ይተላለፋል። ያኔ የወይዘሮ ፒልናም ጋም ከማንም ፍሬ እንዲቀድም በጭብጨባ ጸድቋል።

ወይዘሮ ፒልናም፣ “ከየትኛው ዛፍ?” ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢዋ ጥያቄው ቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዳይገባ አሳሰቡ። ገብቷል።

ስብሰባው ከቀኑ 8፡40 ተበተነ።