የሚስተር ስኩግ መቶኛ ከረጢት

ደም በሚለገስበት አዳራሽ ሁሉ ከነርሶቹ ይልቅ ስለ ደም የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪም ለዚህ ሁሉ ማብራሪያ ጊዜ የለውም።

በእኛ ትንሽ የሚኒሶታ ከተማ ይህን ወንበር የያዙት ክቡር ሚስተር ኦርቫል ስኩግ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል። የደም ባንክ ሰዎች በየስምንት ሳምንቱ መጥተው በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አልጋቸውን ሲዘረጉ፣ በሩ ላይ ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው የተሰለፈ ሰው ሳይማር አይገባም።

«ደም ማለት መንገድ ነው» ብለው ይጀምራሉ። «ከግማሽ በላዩ ፕላዝማ ነው፤ ገለባ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ። አስፋልቱ እሱ ነው። ቀይ ሕዋሶቹ አውቶቡሶች ናቸው። ከሳንባ ኦክስጅን ጭነው በየደጃፉ ያደርሳሉ። መቶ ሃያ ቀን ይሠራሉ፤ አንድም ቀን አሞኛል ብለው አይቀሩም።»

«ፕላትሌትስ?» ይላል አንድ የዋህ። በዚሁ ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

«መንገድ ጠጋኞች ናቸዋ! አስፋልቱ ሲሰነጠቅ ሮጠው ይደፍኑታል። እንደኛ ወረዳ ሠራተኞች እስከ ሐምሌ አይጠብቁም!»

አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ አባት ኬክ ሲቆርስ አውራ ጣቱን ቆረጠ። ሚስተር ስኩግ ከጎኑ ቆመው ያስረዱት ጀመር። ሲጨርሱ ደሙ ቆሞ ነበር። «አየህ?» አሉት፣ ራሳቸው ያቆሙት ይመስል።

አብልጠው የሚወዱት ግን ነጭ ሕዋሶቹን ነው። «ዘበኞች ናቸው። ጀርም ሲገባ አንዱ ይውጠዋል፤ ሌላው መልኩን በደንብ ይይዛል። ያ ጀርም ከስንት ዓመት በኋላ ቢመለስ፣ ‹አንተ ነህ?› ብለው ደጃፉ ላይ ይይዙታል። አይረሱም።» እዚህ ላይ ወደ እኔ ይዞራሉ። «እኔም የዱዌይንን ማስቲካ አልረሳሁም። ሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል።»

ማስቲካውን አውቶቡሳቸው ወንበር ላይ ስለጥፍ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሁን ሃምሳ አራት ሞልቶኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ሚስተር ስኩግ መቶኛ ከረጢታቸውን ሊሞሉ መጡ። ዘጠና ዘጠኙን ከሞሉ ቆይተዋል፤ ያለፉትን ሁለት ጊዜያት ግን የደም ብረታቸው አንሶ ተመልሰዋል። ለወንድ አሥራ ሦስት መድረስ አለበት። ስለዚህ ስምንት ሳምንት ሙሉ ጉበት በሉ። ባለቤታቸው አርዲስ እንደነገሩን፣ አሁን ድመታቸው እንኳ መጥበሻ ሲወጣ ከቤት ትወጣለች።

ነርሷ ማርሊስ ጣታቸውን ወጋች። መሣሪያውን አየችው፤ ደግማ አየችው።

«አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት።»

«መሣሪያሽ ነው የታመመው።»

«እስቲ ሌላውን እጅ ይስጡኝ።» ጠበቀች። «አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት። አዝናለሁ ሚስተር ስኩግ። ሦስተኛዎ ስለሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።»

«ጉበት በልቻለሁ እኮ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ ደም የሰጡ ሰዎች ብቻ የሚያርፉበት የብስኩት ጠረጴዛ ጋ ሄደው ተቀመጡ። ማንም አልከለከላቸውም። ብስኩቱን አልነኩም። አልተናገሩም።

በዚያ ምድር ቤት ማቀዝቀዣ እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ሲያጉረመርም ተሰማኝ። እኔ መርፌው ክንዴ ላይ ተሰክቶ ጋድም ብያለሁ። እዚህ ደም በሰጠሁበት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሰውየው አንድ ቀን ዝም ቢሉልኝ ብዬ ስመኝ ኖሬያለሁ። አሁን ዝም ሲሉ ዓይኔ ወደ መርፌው ሄደ። ግንባሬን አላበኝ፤ ጣሪያው መዞር ጀመረ። ለካ እስከዛሬ መርፌውን ሳላይ የወጣሁት በእሳቸው ወሬ ነው።

«ሚስተር ስኩግ!» ብዬ ተጣራሁ። «ቁስል የሚደፍኑት ነጭ ሕዋሶቹ ናቸው አይደል?»

ማርሊስ አፈጠጠችብኝ። መልሱን በቃሌ እንደማውቀው ታውቃለች።

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«ምን አልክ? ነጭ ሕዋሶቹ?» ብስኩት አንስተው፣ ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ለግድግዳ ነው እንዴ የማወራው? ስማ አንተ ልጅ። ደም ማለት መንገድ ነው!»

ዘበኞቹ ላይ ሲደርሱ ከረጢቴ ሞላ። ማርሊስ መርፌውን ልትነቅል ጎንበስ አለች።

«ቆይ እንጂ» አልኳት፤ «ገና ማስቲካው ጋ አልደረስንም።»