አንዲት ፋይል ብቻ

የምሥራች! ገባ! ዋይፋዩ ገባ!

የማን ትሉኝ ይሆናል። የማን ይሆናል፤ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት የጡረተኛው ኤሌክትሪሻን፣ የክቡር ጋሼ አንዲት-ብቻ ነዋ!

እንደ እሳቸው ያለ ሰው የሌለበት ሕንፃ ገና አልተሠራም። ሁሉን በገዛ እጁ ካልሠራ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ባለሙያ ከሚጠራ ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥ ይመርጣል። ጋሼ ውጭ አገር ያለችውን ልጃቸውን በቪዲዮ ሊያዩ ብለው፣ ትታላቸው በሄደችው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ጫኑ።

«በስልክስ ያገኟት የለ?» አልኳቸው።

«የልጄን ፊት በጥፍሬ ልክ አላይም!»

ኮምፒውተሩ ለሁሉ ነገር ታዘዘ። የቤታቸውን ዋይፋይ ግን አላውቀውም አለ። የሚያስተዋውቀው ፋይል ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ፋይሉ አይገባም።

ስለዚህ ማታ ማታ የእኔ በር ይደበደባል፤ እንደ ፖሊስ።

«እህቴ፣ አንዲት ፋይል ብቻ ቀርታኛለች!»

ፋይል የሚወስዱበት ፍላሽ በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ እንደ ሜዳልያ ተንጠልጥሏል። በእኔ ኮምፒውተር አውርጄ እሰጣቸዋለሁ። በማግሥቱ በሩ እንደገና ይደበደባል። ያቺ ፋይል ለካ ያለ እህቷ አትሠራም! እህቷ ስትመጣ አክስቷን ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ ሙሽራ?»

«ሥርዓት ነው! ሊኑክስ እንደ ዱርዬ ዘው ብሎ አይገባም፤ ዘመድ አዝማዱን አስጠርቶ ነው።»

ፋይሉ እስኪወርድ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ወንበሩ ጠርዝ ላይ ነበር፤ በኋላ ተደላድለው። ልጃቸው ያለችበት ከተማ ዝናቡ እንዴት እንደሚያስቸግራት ያወራሉ። እኔም ፋይሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ስክሪኑን ወደ ራሴ ዘወር አድርጌ «ገና ነው፣ ይዘገያል ዛሬ» እላለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ ልብስ እንጂ ሰው ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከላይ «ገባ!» የሚል ጩኸት ሕንፃውን አናወጠው። ሮጬ ወጣሁ። አባትና ልጅ በስክሪን ሲላቀሱ አየሁ፤ አብሬ አለቀስኩ፤ እንባዬን ጠርጌ ወረድኩ።

ከዚያ ወዲህ በሬን የነካ የለም። ማታ ማታ ሳቃቸው በጣሪያው በኩል ይመጣል። ደስ ብሎኛል፤ እንዴት ደስ አይለኝ! ልብሱም ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተከመረ።

ትናንት ግን ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ደኅናውን ኮምፒውተሬን ጠራርጌ ሊኑክስ ጫንኩበት። በገዛ እጄ! ማንንም ሳልጠይቅ! ተነሣ፣ በራ፣ ታዘዘ። ዋይፋዩን ግን አላውቀውም ብሎ ድርቅ!

ተመስገን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

በሉ ደኅና ሁኑ፣ እቸኩላለሁ። ልብሱን ከወንበሩ አንሥቻለሁ፤ የእኔም ፍላሽ በክር ታስሮ አንገቴ ላይ ነው። ደረጃውን ወጥቼ በራቸውን እንደ ፖሊስ ልደበድበው ነው።

«ጋሼ! አንዲት ፋይል ብቻ ቀርታኛለች!»