ጋሼ አሁኑኑ እና ያልደረሰው ሱሪ

እግዜር ሰፈር ሲያድል ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ አጣዳፊ ሰው ይመርቃል። ለልብስ ሰፊው ሰፈር የደረሱት ክቡር ጋሼ አሁኑኑ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ስምሪት ተቆጣጣሪ። ሠርግ ቤት ሙሽራው ፊቱን ሳይታጠብ ይደርሳሉ። ጎረቤት ስላስነጠሰች ብቻ ታክሲ ጠርተው ያውቃሉ። "ልብስዎ ይደርሳል፣ ጋሼ" ሲባሉ፣ "ያመለጠ አውቶቡስ በፉጨት አይመለስም!" ይላሉ። ልብስ ሰፊው ድምፃቸውን ሲሰማ ከስፌት መኪናው ሥር መግባት ያምረዋል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ሰፊው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እየጮኸ ነቃ። "ሆዴን!"

"ትናንት ኳስ ሜዳ የተመታኸው ነው፤ ይተውሃል" አለው አባቱ፤ ከሱቁ ጓዳም አስተኛው። ልጁ አስመለሰው። አባት ወለሉን ጠረገ። ቢሆንም "እስቲ ትንሽ እንይ" አለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ "ትንሽ እንይ" አለ።

ጋሼ አሁኑኑ ለሰኞ የተቀጠረ ሱሪያቸውን ፍለጋ ከች አሉ። በጓዳው በር ጉልበቱን አቅፎ የሚያቃስተውን ልጅ አዩ።

"አንተ፣ ሆድህ ነው ወይስ ከሆድህ ዝቅ ብሎ?"

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ዕፍረቱን ተወውና ንገረኝ! ቆለጥህን ነው?"

"አንደኛውን... አብጧል። ወደ ላይም ወጥቷል።"

"መቼ ጀመረህ?"

"ልክ ስነቃ። አንድ ሰዓት ላይ።"

ጋሼ ወደ አባትየው ዞሩ። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ተኝተው የሚያሳልፉት ሕመም አይደለም! የወንድሜን ልጅ እንዲህ አሞት 'ይለፍለታል' ሲሉ ሰዓቱ ሄደ፤ አንዱን አወጡት። ተነሱ! ምንም እንዳይቀምስ፣ ቀዶ ጥገና ሊኖር ይችላል። አሁኑኑ!"

ልብስ ሰፊው ሜትሩ ከአንገቱ እንደተንጠለጠለ ልጁን ተሸክሞ ሮጠ፤ ጋሼም ተከተሉት።

ድንገተኛ ክፍል ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው "ስንት ሰዓት ጀመረው?" ብላ ነው። ጋሼ ከአባትየው ቀድመው "አንድ ሰዓት ላይ" አሉ። መርምራው ስልኩን አነሳች። "የዘር ፍሬው ዞሮ የደም ሥሩ ተጠምዝዟል። ከጀመረው ስድስት ሰዓት ካለፈው ላናተርፈው እንችላለን። ቀዶ ጥገና ክፍሉን አዘጋጁ!"

ልብስ ሰፊው ሲጠመዘዝ የሚበጠስ ክር ስንት ጊዜ አይቷል።

ከቀዶ ጥገናው በር ላይ ጋሼ አሁኑኑ ቁጭ አሉ። ከዚያ በፊት ቁጭ ብለው ያያቸው ሰው የለም። የእጅ ሰዓታቸውንም ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት።

"ምነው ጋሼ?"

"ማየቱን ፈራሁ።"

በሩ ተከፈተ። "በሰዓቱ ደርሳችኋል፤ ተርፏል" አለች ሐኪሟ።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። "ሱሪዎ..." ብሎ ጀመረ።

"አይቸኩልም" አሉ ጋሼ አሁኑኑ።

ሐኪሟ ስትናገር ያልመጣው የልብስ ሰፊው እንባ፣ ይሄን ጊዜ መጣ።