ንጉሡ ሠ እና ጋሽ አንድ ዓይነት

ጥቅምት 14፦ ከሁለት መቶ አሥራ አራት ዳታቤዞች ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ አንድ መልክ ይዘዋል። የቀረው የእኔ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ዓለም ሳትስተካከል እንደ ተፈጠረች የሚያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ሆስፒታሎች የደረሱን የዳታቤዝ ኃላፊው፣ ክቡር ጋሽ አንድ ዓይነት ነበሩ። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን።

ሲመጡ ሁሉም ቅርንጫፍ ዳታቤዙን እንደ ጓዳው ነበር የሚይዘው። አንዱ መጠባበቂያ ቅጂ በየቀኑ ይወስዳል፣ ሌላው ሲያስታውስ፤ ሦስተኛው የይለፍ ቃሉን ግድግዳ ላይ ለጥፏል። እሳቸው ለሁሉም አንድ ስክሪፕት ጻፉ። "ሁለቴ በእጅ የተሠራ ሥራ ጥፋት ነው" ይሉ ነበር። የሻይ ክፍሉን ስኒዎች እጀታ ሳይቀር ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል። ልጃቸውን ሲድሩ የተጋባዦችን ዝርዝር በስክሪፕት አጣርተው፣ ስማቸው ከተመሳሰለ ሁለት አጎቶች አንዱን ሰርዘዋል ይባላል። አጎትየው እስከ ዛሬ አኩርፏል።

እኔና እሳቸው የተጣላነው በፊደል ነው። ስክሪፕታቸው ፍለጋ እንዲቀል ንጉሡን ሠ ሁሉ ወደ እሳቱ ሰ ይለውጣል። እኔ ደግሞ መዝገብ ቤት ነኝ፤ የተለወጠ ስም ተመልሶ አይገኝም። የአንድ ሽማግሌ ታካሚ ስም በ"ሠረቀ" ይጀምራል፤ ወጣ፣ ፈነጠቀ ማለት ነው። በስክሪፕቱ ሙከራ ላይ "ሰረቀ" ተብለው ሌባ ሆነው ቁጭ አሉ።

"ጋሼ፣ ሰውዬውን አሰረቋቸው እኮ።"

"እህቴ፣ ኮምፒውተር ንጉሥ አያውቅም።"

እውነት ነበራቸው። በመስከረም የአንዲት እናት፣ የማይስማማቸው መድኃኒት የተጻፈበት ፋይል በሌላኛው ሰ ስለ ተፈለገ አልተገኘም፤ እናትየዋ ለጥቂት ተረፉ። እኔ ግን እምቢ እንዳልኩ ነበርኩ።

ጥቅምት 15 ጠዋት ጋሼ ልባቸው ቀጥ ብሎ ዐረፉ።

ሥራውን እንድጨርስ ተሰጠኝ። ስክሪፕቱን ስከፍት፣ ልዩ ሁኔታ የሚባል ነገር የሚያንገሸግሻቸው ሰው፣ ለእኔ ዳታቤዝ ብቻ ሁለት ዓምድ አበጅተዋል፦ አንዱ እንደ ተጻፈው፣ ሌላው ለፍለጋ። ከላዩ ማስታወሻ አለ፦ "መዝገብ ቤት እንዳትጮህ።" አስኬድኩት። ሽማግሌውም ስማቸውን እንደ ያዙ ቀሩ።

ከዚያ የጥገና ጥያቄዎችን ዝርዝር አየሁ። ጥቅምት 14 ከሁሉም በኋላ የተዘጋው ጥያቄ የእኔ ነው፤ ሠን የምጽፍበት ቁልፍ ተጣብቆብኝ ነበር። የጀማሪ ጠጋኝ ሥራ ነው። እሳቸው ግን እኔ ምሳ ላይ ሳለሁ ሦስት ፎቅ ወርደው ኪቦርዱን ራሳቸው ቀይረዋል። ውጤቱ በሚሞላበት ቦታ አንድ ቃል ብቻ ጽፈዋል፤ በንጉሡ ሠ፦

"ይሠራል።"